ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ድስቱ ግን ያው ነው

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ የሥነ ምግብ ባለሙያ ነኝ። ከባሕር ዳር ወጣ ባለ ጤና ጣቢያ መሥራት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። እናቶችን ስለ ልጆች አመጋገብ አስተምራለሁ። ያዳምጡኛል፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ መርቀውኝ ይሄዳሉ። ቤታቸው ስሄድ ግን ያው ቀጭን አጥሚት ነው። ቲክቶክ ላይ ደግሞ አንዱ ተነስቶ ‹የሽፈራው ቅጠል የስኳር በሽታን ያጠፋል› ሲል አገር ምድሩ ያምነዋል። ምኑን ነው የሳትኩት? ሳይንሱን ሳላዛባ ሰው እንዲሰማኝ ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ መልሴ ረዘም ይላል። ቡናሽን አፍልተሽ ተቀመጪ። ምሳ ገና አሁን ከበላሽ ግን ቡናውን ትንሽ አቆዪው፤ ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ነገር፣ ሰምተውሻል። ባይሰሙሽ ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር፤ ድምፅ ማጉያ ይዞ መሄድ ነው። የጎደለው ከጆሮ እስከ ድስት ያለው መንገድ ነው። በስንት ጭልፋ? በየትኛው ቀን? በማን ብር? እኔ እንደማየው እነዚህ ያልገቡበት ምክር ገና ምክር አይደለም። ርእስ ብቻ ነው።

ይህን የማውቀው ራሴ ስላጠፋሁ ነው። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን በጣና ዳር ባለች አንዲት ቀበሌ፣ ሾላ ሥር፣ ትልቅ ፖስተር ሰቅዬ አስተማርኩ። ፖስተሩን ያሳተመው ክፍል ስሙ ይቆየን። ሥዕሉ ላይ ፖም አለ፣ ቢጫ የፈረንጅ አይብ አለ፣ ብሮኮሊ አለ። አንዲት እናት እጇን አወጣችና «ይሄ ቲማቲም ምን ሆኖ ነው እንዲህ ያበጠው?» አለች። ፖሙን ነው። ሁሉም ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ሲያልቅ አንዲት እማማ ጠጋ ብለው «መልካም ተናገርህ ልጄ፤ ላለው ሰው ነው እንጂ» ብለውኝ ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ። አንድ ሰዓት የለፋሁበት ትምህርት በአንድ ዐረፍተ ነገር ተገመገመ። እማማ ትክክል ነበሩ።

«የተመጣጠነ ምግብ» የምትለውን ሐረግ በቀን ስንት ጊዜ ትያታለሽ? እኔ አፌ ላይ ነበረች። አንድ ቀን ቅዳሜ ገበያ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴትዮ «የተመጣጠነ ምግብ ሲባል ምን ይታይሻል?» ብዬ ጠየቅኳት። «ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ብርቱካን» አለችኝ። ትንሽ አሰብ አድርጋ «ያው የሆቴል ምግብ» ብላ ጨመረች። እኛ «ቀላቅሉ» ስንል እሷ የሰማችው «ሀብታም ሁኑ» ነው። ሀብታም ሁኑ ለሚል ሰው ራስን ከመነቅነቅ ሌላ ምን መልስ አለ?

የሚገርመው፣ ቃሉ እቤቷ ነው ያለው። «የተመጣጠነ» እና «ምጥን» የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። ምጥን ሽሮ የማታውቅ እናት አገራችን ውስጥ የለችም። ስንት እጅ አተር፣ ስንት እጅ ሽምብራ፣ ምን ያህል ቅመም እንደሚገባ እናቷ አስተምራታለች። የልጅ ገንፎም ምጥን ይፈልጋል። ሦስት ጣሳ እህል፣ አንድ ጣሳ ጥራጥሬ። የእህል ፕሮቲን የሚጎድለው ነገር አለ፤ ያንን ጥራጥሬው ይሞላል። የጥራጥሬውን ጉድለት ደግሞ እህሉ ይሞላል። ይህን «የአሚኖ አሲድ መደጋገፍ» ብለሽ ልታስረጂያት ትችያለሽ። «የልጅሽን ዱቄት እንደ ሽሮሽ መጥኚው» ብትያትም ይሆናል። ሳይንሱ አልተዛባም። የልጁ ዱቄት ግን አሁን ወፍጮ ቤት የምትወስደው ነገር ሆነ።

በነገራችን ላይ «ፋፋ» የሚለውን ስም ያወጣው ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ ቡና እጋብዘው ነበር። በንጉሡ ዘመን በስዊድን ድጋፍ የተጀመረ የሕፃናት ዱቄት ነው። «በፕሮቲን የበለጸገ ድብልቅ» ሊባል ይችል ነበር። «ፋፋ» ተባለ። እናት ልጇ ምን እንዲሆንላት ትፈልጋለች? እንዲፋፋ። አለቀ። ዛሬም ሰው ሌላ ፋብሪካ ያመረተውን የልጅ ዱቄት ሁሉ ፋፋ ነው የሚለው።

አሁን «መቀንጨር» የሚለውን ቃል ተመልከቺው። በእኛ ስብሰባ ላይ ምንም አይደለም፤ ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የአማራ ክልል ልጆች ከ100 ውስጥ 46ቱ ቁመታቸው ለዕድሜያቸው አጭር ነበር። በአገር ደረጃ 38 ነበር። በሰቆጣ ቃል ኪዳን መንግሥት እስከ እ.ኤ.አ. 2030 ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ መቀንጨርን አጠፋለሁ ያለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሰቆጣ ራሷ የዚሁ ክልል ከተማ ናት። እናት ፊት ግን ቃሉ ስድብ ነው። «ልጅሽ ቀንጭሯል» ማለት «አላበላሽውም» ማለት ነው። ሌላም ችግር አለ። ከሁለት ልጅ አንዱ አጭር በሆነበት መንደር ማንም ልጅ አጭር አይመስልም። ልጇን ከጎረቤት ልጅ ጎን ታቆመዋለች። እኩል ናቸው። «ምኑ ነው የታመመው?» ትልሻለች። የማይታይን ነገር በቃል ብቻ እንድታምንሽ እየጠየቅሻት ነው።

ስለዚህ እኔ ቃሉን ለሪፖርት አስቀርቼዋለሁ። ከእናት ጋር የማወራው እሷ ስለምታየው ነገር ነው። ሌሊት ይተኛል ወይ? ተቅማጥ ይመላለስበታል? ከተመገበ በኋላ ቶሎ ያለቅሳል? እነዚህ የእሷ ጥያቄዎች ናቸው። መቀንጨርን ማስወገድ የቢሮ ግብ ነው። የእናት ግብ አይደለም፤ ይሁን ብለሽም አትድከሚ።

ወደ ቀጭኑ አጥሚት እንመለስ። ለምን ያቀጥኑታል? ዕውቀት ስለሌላቸው ነው ብለሽ ታስቢ ይሆናል። ጠይቀሽ ታውቂያለሽ? ብዙዎቹ የሚሉት «ያንቀዋል»፣ «ሆዱ አይችለውም» ነው። የእህሉን ዋጋ ደግሞ አትርሺ፤ ዱቄት ሲያንስ ውኃ ይበዛል። ፍርሃቱ የእናት ፍርሃት ነው፣ የሞኝ አይደለም። በንግግር አይወጣም። እኔ የማደርገው እዚያው ቤት፣ በእሷ ድስት፣ በእሷ ማንኪያ አብስለን ማሳየት ነው። ማንኪያውን ገልበጥ ታደርጊዋለሽ። የሚንጠባጠብ ከሆነ ቀጥኗል። ማንኪያው ላይ ከቆየ ደርሷል። ከዚያ ለልጁ ትሰጪዋለሽ። እናትየው ትንፋሿን ይዛ ታያለች። ልጁ ይውጣል። አለቀ፣ ሌላ ትምህርት አያስፈልግም።

ቁጥር ከፈለገች ደግሞ በስኒ ንገሪያት። 8 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ሆዱ በአንድ ጊዜ የሚይዘው 240 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ሦስት የቡና ስኒ በይው። «ሦስት ስኒ ቦታ ብቻ ነው ያለው። በውኃ ትሞዪዋለሽ ወይስ በእህል?» ይህን ጥያቄ ስጠይቅ ሴቶቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። ያኔ ገብቷቸዋል ማለት ነው። ራስ መነቅነቅን አትመኚ፤ መተያየትን ፈልጊ።

ጾም ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አብዛኞቻችን እዚህ ጋ ነው የምንወድቀው። ረቡዕና ዓርብ አለ፣ የሁዳዴ 55 ቀን አለ፣ ነቢያት አለ፣ ፍልሰታ አለ። ሕፃን አይጾምም፤ ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ካህኑም ያውቃል። ታዲያ ለምንድን ነው በሁዳዴ የልጁ እንቁላልና ወተት የሚጠፋው? አንዲት እናት ናት የገለጠችልኝ። «ልጁማ ይብላ፤ ድስቴ ግን ይነካካል» አለችኝ። ድስቱ ነው የሚጾመው! በዚያው ድስት የቤቱ የጾም ወጥ ይሠራል። ቅቤ የነካው ማንኪያ ሽሮ ውስጥ ከገባ የሁሉም ጾም ተበላሸ። እኔ ለዓመታት «ሕፃን አይጾምም» እያልኩ እሷ የምታውቀውን እየነገርኳት ነበር።

መፍትሔው አንዲት ትንሽ ድስትና አንዲት ማንኪያ ናት፤ የልጁ ብቻ የሆኑ፣ ለብቻቸው የሚታጠቡ፣ ለብቻቸው የሚቀመጡ። አንዳንዷ ቀይ ክር ታስርበታለች። ይህን ከመናገርሽ በፊት ግን የንስሐ አባቷን አናግሪ። አብሮሽ ከተናገረ አሥር ፖስተር ነው። ስለ ነፍሰ ጡሯና ስለምታጠባዋ ጾምም ለእሱ የምታውቂውን ንገሪው፤ ፈቃዱ ግን የሁለቱ ጉዳይ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ውስጥ ደግሞ እግርሽን አታስገቢ። በባሕር ዳር ይህ ክርክር ከተነሳ ጀንበር ትጠልቃለች፣ የልጁ ገንፎም ይረሳል።

ዓሣ ካነሳን አይቀር፣ ሳይንሱን አለማዛባት ስላልሽው ነገር እዚህ ላይ ላውራ። እ.ኤ.አ. በ2017 ከኢኳዶር አንድ ጥናት ወጣ። ከ6 እስከ 9 ወር የሆናቸው 163 ሕፃናት ተመረጡ። ግማሹ በቀን አንድ አንድ እንቁላል ለ6 ወር አገኙ፣ ግማሹ አላገኙም። እንቁላል የበሉት ጋ መቀንጨር በ47 በመቶ ቀነሰ። ብዙ ሰው ጉድ አለ፤ እኔም ደስ አለኝ፣ በየስብሰባው አወራሁት። «በቀን አንድ እንቁላል መቀንጨርን በግማሽ ይቀንሳል!» እያልኩ። ከዚያ ይኸው ነገር በማላዊ በ660 ሕፃናት ላይ ተሞከረ። እ.ኤ.አ. በ2019 ውጤቱ ሲታተም እንቁላሉ በልጆቹ ቁመት ላይ ልዩነት አላመጣም። ለምን? አጥኚዎቹ ከጠቀሷቸው ምክንያቶች አንዱ ልጆቹ ቀድሞውንም ዓሣ ይበሉ ነበር የሚለው ነው። ሐይቅ ዳር ናቸው፤ ልክ እንደ እኛ።

ያኔ አፈርኩ። እንቁላል መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ እንቁላል ዛሬም ለልጅ ከሚሰጡ ምግቦች ሁሉ ከምርጦቹ አንዱ ነው። ያፈርኩት አንድ ጥናት ይዤ እንደ ሕግ ስላወጅኩት ነው። እህቴ፣ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ማሳጠር ይፈቀዳል፣ ማጋነን አይፈቀድም። «እንቁላል ልጅን በደንብ ይገነባል» ብትዪ አሳጥረሻል። «በእንቁላል በ6 ወር ልጅሽ ይረዝማል» ካልሽ ቃል ገብተሻል። ቃሉ ካልተፈጸመ የምትከፍዪው አንቺ ብቻ አይደለሽም። ቀጥሎ ስለ ክትባት የምትነግራት ባለሙያም ትከፍላለች።

እኔ አሁን ሦስት ዓይነት ድምፅ አለኝ። የእናት ጡት ብቻ እስከ ስድስት ወር የሚለውን ስናገር አላቅማማም፤ «እናውቃለን» እላለሁ። የእንቁላሉን ነገር «ይጠቅማል፤ ምን ያህል እንደሆነ ግን እንደ ቤቱ ይለያያል» እላለሁ። ገና ያልጠራውን ደግሞ «ገና ነው» እላለሁ። ሰው «ገና ነው» ሲባል ይንቀናል ብለን እንፈራለን። በተቃራኒው ነው። ሁሉን ነገር በአንድ ድምፅ የሚናገር ሰው ነው የማይታመነው። ገበሬ እኮ «ዝናቡ ዛሬ አይቀርም» እና «ደመናው ይመስላል» የሚሉትን ሁለት አነጋገሮች ለይቶ የሚያውቅ ሕዝብ ነው።

ቁጥርም እንዲሁ ያታልላል። እ.ኤ.አ. በ2015 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም፣ በፋብሪካ የተዘጋጀ ሥጋ በየቀኑ 50 ግራም መብላት የትልቁ አንጀት ካንሰርን ዕድል በ18 በመቶ ይጨምራል አለ። ወሬው እዚህ ሲደርስ «ሥጋ ካንሰር ነው» ሆነ። አንድ የማውቀው ሰው ቁርጥ ሊተው ነበር። በመጀመሪያ የተባለው በዋናነት እንደ ሞርታዴላ ስላለው ነው። ሁለተኛ 18 በመቶ ምን ማለት ነው? በምዕራቡ ዓለም ከ100 ሰው 5ቱ ገደማ በዕድሜ ዘመናቸው ይህ ካንሰር ይይዛቸዋል። ይህን ሥጋ በየቀኑ ቢበሉ ወደ 6 ይጠጋሉ። ከ5 ወደ 6። አሁን ሰው ራሱ ሊመዝነው ይችላል። ፐርሰንት ስታገኚ ሁልጊዜ «ከስንት ወደ ስንት?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱን ካላገኘሽ አትለጥፊው።

ሰው የሚያውቀውን አለመናቅ ስል ሁልጊዜ የምጠቅሰው ጓያን ነው። ከጣና ሐይቅ ምሥራቅና ሰሜን፣ በፎገራና በደንቢያ ሜዳ፣ ጓያ የሚባለው ጥራጥሬ ይዘራል። ሌላው እህል ሲከዳ ጓያ አይከዳም። በውስጡ ግን ነርቭ የሚጎዳ መርዝ አለ። ለወራት ዋና ምግብ ከሆነ እግርን ሽባ ያደርጋል፤ አንዴ ከያዘም አይመለስም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በዚሁ አካባቢ ብዙ ሰው በአንድ ሰሞን ተጎድቶበታል። ሕዝቡ ጓያ ሽባ እንደሚያደርግ ከእኛ በፊት ያውቃል። ብዙ ሰው የሚፈራው ግን እንፋሎቱን ነው። ሲቀቀል የሚነሳውን እንፋሎት፣ አንዳንዱ ደግሞ በማሳው መሃል ማለፍን። ስለዚህ ሴትዮዋ ከእንፋሎቱ ትሸሻለች፤ ንፍሮውን ትበላለች።

እዚህ ቦታ ሄደሽ «ጓያ አደገኛ ነው» ብትዪ አዲስ ነገር አልነገርሽም። «የእንፋሎቱ ወሬ ውሸት ነው» ብለሽ ብትጀምሪ ደግሞ አያታቸውን ሰደብሽ። «እውነት ነው፣ ጓያ ሽባ ያደርጋል» ብለሽ ጀምሪ። «የሚይዘው ግን በሆድ በኩል ነው፣ ሲበዛና ብቻውን ሲበላ። ዘፍዝፉት፣ ውኃውን ድፉት፣ ከእህል ጋር ቀላቅሉት፣ ወር ከወር እሱን ብቻ አትብሉ።» የነበራቸውን ዕውቀት አላፈረስሽም። መንገዱን ብቻ አስተካከልሽ።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ግን የእኛ የተማርነው ጥፋት የሆነ አንድ ነገር አለ። የሚረጋው ዘይት፣ ማለትም የፓልም ዘይት። «በብርድ እንደሚረጋው ደም ሥርሽ ውስጥም ይረጋል» ተብሎ ስንት ተሰበከ! ይኸው ዘይት ባሕር ዳር ሙቀት ውስጥ ፈሳሽ ነው፤ ደብረ ታቦር ሲወጣ ማለዳ ላይ ይረጋል። የሰው ደም ሥር ግን ደብረ ታቦር አይደለም፣ 37 ዲግሪ ነው። ደግሞስ ቅቤስ አይረጋም? የፓልም ዘይት ስቡ ግማሽ ያህሉ የጠገበ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ቅቤ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ይህ ስብ ሲበዛ ደም ውስጥ ያለውን መጥፎ ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋል። የኑግ ዘይት በዚህ በኩል የተሻለ ነው። ምክሩ ትክክል ነበር፤ ምክንያቱ ግን ተረት ነው። ተረት የያዘ ምክር አንድ ብልህ ገበሬ «እና ቅቤውስ?» ያለ ቀን ይፈርሳል።

ስለ ቲክቶኩ ልጅ። እሱ የሚሰማው ለምን ይመስልሻል? አንድ ነገር ብቻ ነው የሚናገረው። ስም ያለው፣ ገበያ የሚገኝ፣ ዛሬ ማታ የሚደረግ ነገር። አይቆጣም። ተስፋ ይሰጣል። እኛ ደግሞ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ስድስት ክልከላ እንደረድራለን። ከእሱ ውሸቱን ተዪለት፤ ቅርጹን ግን ውረሺው።

ስትመልሺለትም «ሽፈራው ስኳርን ያጠፋል መባሉ ስሕተት ነው» ብለሽ አትጀምሪ። ግማሹ ሰው የመጀመሪያዎቹን ቃላት ብቻ ሰምቶ ይሄዳል፤ ወሬውን አንቺው አሰራጨሽለት። እውነቱን አስቀድሚ። ሽፈራው ጥሩ ቅጠል ነው፤ ኮንሶ ከጥንት ጀምሮ ቀቅሎ ይበላዋል። ስለዚህ «ሽፈራው ጎመን ነው፤ እንደ ጎመን ብይው፣ መድኃኒትሽን ግን አታቋርጪ» በይ። የሚያስፈራው ቅጠሉ አይደለም። ኢንሱሊኑን ትቶ ቅጠሉን የሚጠጣው ሰው ነው። ጤፍም እንዲሁ። ስንዴ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባል ፕሮቲን የለውም፣ እውነት ነው። ግሉተን የለውም ማለት ግን ስኳር አይጨምርም ማለት አይደለም፤ እንጀራ እንጀራ ነው።

አሁን ቡናው። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ ከእህልና ከአትክልት የሚገኘውን ብረት ሰውነት በደንብ እንዳይወስደው ያደርጋሉ። ለነፍሰ ጡሯ ይህ ትልቅ ነገር ነው። «ቡና ተዪ» ብትያት ግን ከጎረቤቶቿ ነጠልሻት። ቡና መጠጥ ብቻ መሰለሽ? ወሬው፣ ምርቃቱ፣ ዕርቁ እዚያ ነው። ስለዚህ አትከልክዪያት፤ ከምግቡ አርቂላት። ምሳ ተበልቶ አንድ ሰዓት ያህል ይለፍ፣ ከዚያ ይፈላ። የብረት እንክብሏን ደግሞ በሎሚ ውኃ ትዋጠው፤ የሎሚው ቫይታሚን ሲ ብረቱን ያግዘዋል። የዘጌ ሎሚ ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል?

አንድ የሚያሳዝን እውነት ልንገርሽና ወደ መጨረሻው ልምጣ። ጥሩ ንግግር ሁሉን አይፈታም። እንቅርትን ተመልከቺ። ስለ አዮዲን ስንት ዓመት ቢሰበክ፣ ትልቁን ሥራ የሠራው ጨው ሁሉ አዮዲን ይግባበት የሚለው ደንብ ነው። ለእናቲቱ የቀረላት ትንሽ ነገር ነው፤ ጨውን በክዳን ማስቀመጥና ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመር። እንቁላል የተወደደባት እናት ጋም ሄደሽ ስለ እንቁላል አሥር ጊዜ ብታወሪ የምታተርፊው መሳቀቅ ነው። ዶሮ ያላት ሴት እንኳ እንቁላሉን ሸጣ ጨውና ጋዝ ትገዛለች፤ ዓሣ አጥማጁም ቆሮሶውን ለሆቴል ይሸጣል። እነሱን አትውቀሺ። «ከሳምንቱ እንቁላል ሁለቱን ለልጁ አስቀሪ» ማለት ይቻላል። «ሁሉንም አትሽጪ» ማለት ግን የሰው ቤት በጀት ማውጣት ነው። የዋጋው ነገር ለወረዳው የሚጻፍ ነው፤ ሪፖርትሽ ላይ «የግንዛቤ እጥረት» ብለሽ አትሸፍኚው። ይህችን ሐረግ ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ብዙ ጊዜ የግንዛቤ እጥረት ያለብን እኛ ነን።

እንግዲህ በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ነገር ሞክሪ። ፖስተርም ፍሊፕ ቻርትም አትያዢ። አራት ቤት ምረጪ። የምግብ ሰዓት ሲደርስ ሂጂና ቁጭ በይ። አታስተምሪ። «ትናንት ልጁ ከተነሳ ጀምሮ እስኪተኛ ምን ምን ቀመሰ?» ብለሽ ጠይቂ። አንድ በአንድ፣ እየቀደምሻት ሳይሆን እየተከተልሻት። ምን ውስጥ እንደተሠራ፣ ማን እንዳበላው፣ ስንት ማንኪያ እንደተረፈ። ብዙ ጊዜ የሚያበላው ታላቅ እህቱ ሆና ታገኛታለሽ፤ አንቺ ስታስተምሪ የከረምሽው ግን እናትየዋን ነው። ከአራቱ ቤት በኋላ አንድ መልእክት ብቻ ምረጪ። አንድ። ለሁለት ወር እሱን ብቻ አውሪ፤ በቡናው፣ በክትባት ቀን፣ በማኅበሩ። ስድስቱን ከያዝሽ ስድስቱም ይፈስሳሉ።

አራቱ ቤት ውስጥ የዳጉሳ ገንፎ ካየሽ ደግሞ ጻፊልኝ። ሰው እንግዳ ሲመጣ ይደብቀዋል፤ የድሃ ነው፣ ለጠላና ለአረቄ ነው ይላል። በካልሲየም ግን ከእህል ሁሉ የሚስተካከለው የለም። አንዲት እናት «የልጄ ነው» ብላ ሳታፍር ካቀረበችልሽ ምን ምን እንደምትቀላቅልበት ጠይቂያት። እሱን እኔም ልማረው እፈልጋለሁ።